ኳስ ሜዳ ላይ የተጠራ ስም

ጎንደር ውስጥ ኳስ ባለ ቁጥር ከሜዳው መግቢያ፣ ከገመዱ አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ይታያል። ኳሱን አያይም። ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ የሚመጣውን ሕዝብ ይመለከታል። ጎል ገብቶ ምድር ስትናወጥ እንኳ ዞር አይልም። ሕፃን ልጅ የተሸከመ አባት ሲመጣ ግን ይነቃና መንገድ ይዘጋበታል።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስት።»

«መልሰው ወንድሜ። ሲያድግ ይምጣ።»

አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይሳደባል። «ልጁ የኔ! አንተ ምን አገባህ?» የሚለው ይበዛል። ሰውዬው አይቆጣም። «ያንተ ነው እኮ፤ ለዚያ ነው» ብሎ ቀና ይልና ሕፃኑን ራሱን ይጠይቀዋል፦ «ስምህ ማን ነው?» ልጁ ስሙን ጮክ ብሎ ከተናገረ ጥቂት ያመነታና መንገዱን ይለቃል። ልጁ አፍሮ አንገቱን ከደፋ ግን አይለቅም፤ ገፍተውት ካልገቡ በስተቀር።

ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው እብድ ይመስለዋል። እብድስ አይደለም። ፒያሳ በረንዳ ላይ ማኪናውን ዘርግቶ ኮትና ሱሪ የሚሰፋው የሻው ነው። የእጁን ስፌት የለበሰ ሁሉ ሸጋ ሰፊ ይለዋል። አንድ ነገር ብቻ አይሰፋም፤ ማልያ። ማልያ ስፋልኝ ብሎ የመጣ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ቢለምነው፣ «ሌላ ሰው ፈልግ» ከማለት በቀር መልስ አያገኝም። ድሮ ግን የከተማውን ማልያ የሚሰፋው እሱ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ዓመት በጥር ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በልታ አገሩ በሙሉ ኳስ ኳስ ይል ነበር። ሬዲዮ ያለው ቡና ቤት ሰው አልችል ብሎ ነበር። ኳስ ክብ ይሁን ጠፍጣፋ የማያውቀው ሽማግሌ ሳይቀር ስለ ማዕዘን ምት ይከራከራል። ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ የደብረ ታቦር ልጆች ከጎንደር ልጆች ሊጋጠሙ ቀጠሮ ተያዘ፤ የጎንደሮቹን ማልያ እንዲሰፋ የተመረጠው የሻው ሆነ። አረንጓዴ ጨርቅ፣ ቢጫ ኮሌታ፤ አሥራ አንድ ማልያ። ጾሙን ሙሉ ሲሰፋ ከረመ።

አሥራ ሁለተኛም ነበረች። ከተረፈው ቁራጭ፣ ሰው ሳያይ፣ ከስንዝር ተኩል ብዙም የማትበልጥ ማልያ ሰፍቶ፣ ጀርባዋ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ለጥፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከማኪናው ስር ባለችው ሣጥን ደብቋት ነበር። ለልጁ ነው። ለወንድ ልጁ። የሻው ወንድ ልጅ እንዳለው ግን ጎንደር አያውቅም።

የሻውና ሚስቱ ይመኙሽ ሁለት ወንዶች ቀብረዋል። የመጀመሪያው በሰባት ወሩ ነው የሄደው፤ ትኩሳት ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ሁለተኛው ድክ ድክ ማለት ጀምሮ፣ «አባ» ብሎ፣ ሰው ሁሉ ምን ያለው ቆንጆ ነው ካለ በኋላ ኩፍኝ ወሰደው። ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። «ወንድ አይበረክትላቸውም፤ ዓይን ነው» ተባለ። ይመኙሽ ቃሉን ሰማች፤ ሰምታም አልረሳችውም።

ሦስተኛው ሲወለድ አዋላጅቱን በዓይኗ ብቻ ለመነቻት። አዋላጅቱም ገባት። ወጥታ «ሴት ናት» አለች። እልልታው ለሴት በሚባለው ልክ ቆመ። የይመኙሽ አባት መሪጌታ ሐብተ ማርያም ድጓ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ በመጀመሪያ አልወደዱትም። «እግዚአብሔር የሚያውቀውን ከሰው መደበቅ ምን ይረባል?» ብለው ነበር። የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን እሺ አሉ። በአርባ ቀኑ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት፣ ሕፃኑን ወስደው ክርስትና አስነሡት። ነገሩን ከአምስት ሰው በላይ አላወቀውም።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ትርንጎ ሆነ። ጥለት ያለው ቀሚስ ለበሰ። ጆሮው ተበሳ። ጸጉሩ ሲረዝም ይመኙሽ በቀጭኑ ሹሩባ ሠራችው። ገላውን የምታጥበው እሷ ብቻ ነበረች፤ «አንቺ» እንጂ «አንተ» ብላው አታውቅም፣ ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ። ሞት በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስላት ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላው ቤተ ክርስቲያን ወስደው ጸጉሩን ሊላጩት፣ ሱሪ ሊያለብሱትና ስሙን ሊገልጡት ስለት ገብተዋል። ስሙን ያወጣው የሻው ነው፤ አድማሴ። ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ይመኙሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ይለዋል። ልጁ ግን እንቅልፉ ከባድ ነው፤ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር።

«ትርንጎን ዛሬ ይዣት ልውጣ» አለ የሻው።

ይመኙሽ ነጠላዋን ስታጣፋ እጇ ቆመ። «የት?»

«ኳስ ሜዳ ነዋ። ልጆቹ ማልያዬን ለብሰው ሲገቡ ትይልኝ።»

«ምነው አንተ! የሦስት ዓመት ሕፃን ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች? ሰው የሚጋፋበት፣ የሚሰዳደብበት ቦታ። ኳሱስ ቢመታትሳ? ገና ደረጃ በቅጡ የማትወርድ ልጅ።»

«መሬት መች ትረግጣለች? ትከሻዬ ላይ ናት። ከተማው ሁሉ ልጁን ይዞ ይወጣ የለም?»

«ከተማው ሁሉ ሁለት አልቀበረም።»

ልጁ ግን «ኳስ» የምትለውን ቃል ሰምቶ መዝለል ጀምሮ ነበር፤ ጫማውን ይዞ መጥቶ ከአባቱ እግር ስር አስቀመጠ። ይመኙሽ ልጁን አየች፣ ባሏን አየች። ባሏ ጾሙን ሙሉ ከማኪናው ሳይነሣ ነው የከረመው፤ እንዲህ ፊቱ ሲፈካ ካየችው ዓመታት አልፈዋል። ምናልባት ለዚህ ብላ ይሆናል፣ እምቢ ማለቱን ተወችው።

«ከትከሻህ እንዳታወርዳት» አለች። «ደግሞ ሰው ፊት ስሟን እንዳትስት። ማልልኝ።»

«መድኃኔ ዓለምን! ትርንጎ ናት፣ አልሁሽ።»

ሕፃኑን ግንባሩ ላይ አማተበችበት፤ የአንገቱን ክታብ ወደ ቀሚሱ ውስጥ ከተተችው። እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። የሻው ሲርቅ ዞር ብሎ ሲያይ እዚያው ቆማ ነበር።

ሜዳው ያን ጊዜ መቀመጫ የሚባል ነገር የለውም። የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ ገመድ ተወጥሯል፤ ሕዝቡ ከገመዱ ውጭ ሦስትና አራት ረድፍ ሆኖ ይቆማል። የሻው ተጋፍቶ ፊት ለፊት ቦታ አገኘ። አረንጓዴዎቹ ሮጠው ሲገቡ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የሻውም ደረቱ ተነፋ። «እያቸው፣ እያቸው» አለ የልጁን እግር እየነቀነቀ፤ «አባትሽ የሰፋውን።»

ልጁ የማልያው ነገር አላስጨነቀውም። እሱን ያስጨነቀው ኳሱ ነው። አንዱ ኳሱን ጠልዞ ወደ ሰማይ ባጎነው ቁጥር ወደ አባቱ ጆሮ ጎንበስ እያለ፣ «አባዬ፣ ኳሱን አመመው?» ይላል። «አላመመውም» ይላል የሻው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አሁንስ አመመው?» ይላል። በዙሪያው ያሉት ሰሙና ሳቁ። ከጎናቸው የቆመ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው፣ እሱም ወንድ ልጁን ትከሻው ላይ ያደረገ፣ የሻውን በክርኑ ነካ አደረገው።

«ሴት ልጅ ለበረኛነት ነው ያመጣሃት? ይኸውልህ ወንድ ማለት! ነገ ዘጠኝ ቁጥር ይለብሳል፣ የኔ አንበሳ።»

የሻው አብሮ ሳቀ። የሱ ግን ዘጠኝ ቁጥር ተሰፍታ፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። እኔም ወንድ ነው ያለኝ፣ ስሙ አድማሴ ነው፣ ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰና ዋጠው። ዋጠው እንጂ አልወረደለትም።

ጎንደሮቹ አንድ ለባዶ ሲመሩ ዳኛው የእረፍት ፊሽካ ነፋ። ያኔ ነው ከመሀል ሜዳ «የሻው! ኧረ የሻው የት አለ? መርፌ!» የሚል ድምፅ የመጣው። የአጥቂው የበላቸው ማልያ ከትከሻው እስከ ብብቱ ተተርትሯል። በላቸው የሻውን የሚያውቀው ልክ ሲለካው ብቻ ነው፤ ቤቱንም ልጁንም አያውቅም። የሻው እንደ ማንኛውም ሰፊ መርፌና ክር ከኮሌታው አይለይም። ሕዝቡ ዞር ብሎ አየው። «ሰፊው እሱ ነው! ልቀቁት ይግባ!» አሉ። እንዲህ ያለ ክብር የሚያምረው ሰው ባይሆንም፣ ያን ዕለት አማረው።

ከገመዱ ስር ሾልኮ ለመግባት ልጁን ማውረድ ነበረበት። አጠገቡ አበቡ የምትባል ቆሎ ሻጭ እንቅቧን ይዛ ተቀምጣለች።

«እቴ፣ ይህችን ልጅ ላንድ አፍታ ያዢልኝ።»

«ይዣለሁ፤ ምን ችግር አለ» አለች አበቡ፣ ከእንቅቧ ጨብጣ ለልጁ እየሰጠች።

«ትርንጎ፣ እዚህ ቁጭ በይ። መጣሁ።»

«እሺ» አለ ልጁ፤ አፉ ሽምብራ ሞልቶት ነበር።

በላቸው ቆሞ፣ የሻው ተንበርክኮ፣ ተጫዋቾቹ ከበዋቸው ስፌቱ ተጀመረ። በላይ በወገራ ደጋ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ያየ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ወዲያው የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ይወርድ ጀመር። ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ጮኸ፣ ባንድ ጊዜም ሮጠ። የሻው ጩኸቱን ሰምቷል። ሦስት ጥልፍ ቀርቶት ነበር። ሦስቱንም ወጋቸው፤ ቋጨው፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ቀና ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በኋላ ዘመን ለሰው የማይነግረውን ነገር ለራሱ ሲነግር፣ ሁልጊዜ ከነዚያ ከሦስቱ ጥልፎች ነው የሚጀምረው።

ገመዱ ተበጥሷል። አበቡ ከነቆሎዋ ተገፍታ ወድቃ፣ እየተነሣች ነበር። እንቅቡ ተረጋግጧል።

«እጄ ላይ ነበረች! አሁን፣ አሁን እጄ ላይ ነበረች!» አለችና እሷ በላይኛው መንገድ ሮጠች፤ እሱ በታችኛው።

«ልጄ!» ብሎ ጮኸ የሻው። ልጅ ያልጠፋበት ያለ አይመስልም፤ ሁሉም «ልጄ» እያለ ነበር የሚጮኸው። ስለዚህ ስሙን ጠራ። ልቡ ውስጥ ያለውን ስም፣ ሦስት ዓመት ተኩል በሹክሹክታ ያቆየውን ስም፣ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ጠራው።

«አድማሴ! አድማሴ! ወንድ ልጅ ያያችሁ! የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ!»

በላቸውና ጓደኞቹ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ጨዋታው ቀረ። አሥራ አንድ ባለ አረንጓዴ ማልያ በየመንገዱ ተበተነ። ቀሃ ወንዝ ድረስ የወረደ አለ፤ ገበያው ድረስ የወጣ አለ፤ ካሚዮን መቆሚያው ድረስ የሮጠ አለ። ያገኙትን ሁሉ «የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አላያችሁም?» ይላሉ። ወንድ ልጅ ያየ አልነበረም። በረዶው አባርቶ ምድሩ ነጭ ሆኖ፣ ከዚያም ቀልጦ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ፈለጉ።

የሻው አመሻሹ ላይ ባዶ እጁን ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ይመኙሽ ከአጥሩ በር ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰች ትመስል ነበር። ትከሻውን አየች። ትከሻው ላይ ማንም የለም።

«ትርንጎስ?»

የሆነውን ነገራት። ስለ መርፌው፣ ስለ አበቡ፣ ስለ በረዶው፤ ሜዳው ሁሉ፣ ወንዙ ሁሉ እንደ ተፈለገ። አልጮኸችም። እያዳመጠች ነበር፤ አንድ ነገር እየጠበቀች ነበር።

«ምን ብለህ ጠራኸው?» አለች።

ልጇን ወንድ አድርጋ ስትናገር የሻው የሰማት ያን ጊዜ ነው።

«አድማሴ።»

«ይህን ስም የት ያውቀዋል?»

ነጠላዋን ጥላ፣ ባዶ እግሯን፣ መንገድ ወጣች። እሱም ተከተላት። «ቀሚስ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት ልጅ ያያችሁ!» እያለች ሄደች። ካሚዮን መቆሚያው ላይ ዕቃ የሚጭን አንድ ሰው ወዲያው መለሰላት።

«ጥለት ያለው ቀሚስ የለበሰችውን? አያ እንኳየሁ ይዘዋት ወጡ እኮ። የወገራ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ አትስጊ። ‹የሚጠይቅ ከመጣ እኔ ዘንድ ናት በሉ› ብለው አደራ ሰጥተውኛል። እንዲያው ማን ይምጣና ልንገር? ባለ ማልያዎቹ ሦስት ጊዜ መጡ፤ የሚሉት ግን ወንድ ልጅ ነው።»

አሥራ አንድ ጎበዝ ግማሽ ቀን ፈልጎ ያላገኘውን፣ እናቲቱ ውኃ ለማፍላት በማይበቃ ጊዜ ያለበትን አገኘችው። ያን ዕለት ግን ወደ ላይ የሚወጣ መኪና አልነበረም።

ሰኞ ሲነጋ በመጀመሪያው ካሚዮን ባልና ሚስቱ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ወጡ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። የአያ እንኳየሁን ቤት ያሳያቸው ብዙ ነበር።

ልጁ ምድጃው አጠገብ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጉንጩ ቀልቷል፤ ትንፋሹ ያፏጫል። አባቱን ሲያይ ፈገግ አለ።

«አባዬ፣ ኳሱ አለቀ?»

ይመኙሽ አንሥታ አቀፈችው፤ አንገቱ ስር ፊቷን ቀበረች። ሰውነቱ ይነድ ነበር።

አያ እንኳየሁ በጥፋተኝነት እጃቸውን ያሻሹ ነበር። «ምን ላድርግ ልጆቼ» አሉ። «ከዛፍ ስር ተጠልዬ ሳለሁ ብቻዋን እያለቀሰች መጣች፤ ርሳለች። በጋቢዬ ጠቀለልኋት፤ ጋቢዬም ርሶ ነበር። ያለፈውን ሁሉ ‹ይህች ልጅ የማን ናት?› አልሁት። ባለ አረንጓዴ ማልያ ልጆች ሲሮጡ አስቁሜ ጠየቅሁ፤ ‹አባባ፣ እኛ የምንፈልገው ወንድ ነው› ብለውኝ አለፉ። ‹ስምሽ ማነው?› አልኋት። ‹ትርንጎ› አለች፤ ሸጋ አድርጋ ነው የነገረችኝ። የመጨረሻው ካሚዮን ሊነሣ ሲል፣ በዚያ ብርድ ለማን ጥያት ልሂድ ብዬ ይዣት ወጣሁ።»

እንጨቱን ወደ ምድጃው ገፋ አደረጉ።

«ደግሞ ከታች ድምፅ ይሰማ ነበር። የጎረነነ የሰው ድምፅ፤ ‹አድማሴ! አድማሴ!› ይላል። ልጅቷ ለቅሶዋን ትታ ጆሮዋን አቀናች። ‹አባትሽ ነው?› አልኋት። ‹አባቴ ትርንጎ ነው የሚለኝ› አለችኝ። ለዚያ ሰው አዘንሁለት። ልጁ የጠፋበት ምስኪን አልሁ። እሱስ ልጁን አገኘ ይሆን?»

የሻው ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ፣ ከድርቆሽ ክምሩ አጠገብ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ድምፁ ደርሶ ነበር። ልጁ ሰምቶት ነበር። «ትርንጎ» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠራው ኖሮ፣ ልጁ ከሽማግሌው ጉያ ወርዶ በረዶውን እየረገጠ ይመጣለት ነበር፤ ርሶ እንኳ ቢሆን ሙቅ ቤቱ ይገባ ነበር። በምትኩ በክፍት ካሚዮን የወገራን ነፋስ ሲጠጣ አመሸ።

ጎንደር ሲመለሱ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፤ «ሳንባው ተነክቷል» ብሎ መርፌ ወጋው፤ በየቀኑም ይወጋው ነበር። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጧት ማታ እየመጡ ራስጌው ላይ ዳዊት ደገሙ። ረቡዕ ቀለል አለው፤ ትንሽ አጥሚትም ጠጣ። ኀሙስ ባሰበት።

ዓርብ ነው ይመኙሽ የተናገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሦስት ዓመት ተኩል ሸሸግሁት። ከጎረቤት፣ ከገዛ ዘመዴ ሸሸግሁት። አንተ ባንድ ቀን ለሺህ ሰው ነገርኸው። ስሙን ለሞት አሳልፈህ ሰጠኸው።»

ብርዱ ነው፣ በረዶው ነው፣ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው፣ ሊላት ፈለገ። ግን ምን ይረባል? በረዶውም ቢሆን፣ ዓይኑም ቢሆን፣ ሜዳው ላይ የወሰደው እሱ ነው፤ ከትከሻው ያወረደው እሱ ነው፤ ስሙን የሳተው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋ ደግሞ ለሷ ሊነግራት የማይችለው ነገር ነበረው። ሜዳው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «አድማሴ!» ብሎ ሲጮኽ፣ በዚያ ድንጋጤ መሀል፣ ባለ ባርኔጣው ሰው የትም ይሁን የት ይስማው ብሎ ነበር። ወንድ ልጅ እንዳለኝ ይስሙ ብሎ ነበር። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ስሙ አፉ ላይ ጣፍጦታል።

ቅዳሜ ጧት ልጁ ትንፋሹ አጠረ። መሪጌታ መጽሐፋቸውን አጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይመኙሽ የልጁን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሹሩባውን መፍታት ጀመረች። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ እንዳያመው እየተጠነቀቀች ፈታችው። ሲያልቅ ወደ የሻው ቀና አለች።

«ያቺን አምጣት።»

«ምኗን?»

«ከማኪናው ስር ያለችውን።»

ታውቅ ኖሯል። አይታ፣ መልሳ ጠቅልላ፣ ምንም ሳትናገር ኖራለች። የሻው ሮጦ ሄዶ ጋዜጣውን ፈትቶ አመጣት። ቀሚሱን እሷ አወለቀችው፤ ማልያዋን ሁለቱ ሆነው አለበሱት። ልክ ነበረች። ትከሻው ላይ አልሰፋችም፣ አልጠበበችም። አንድም ቀን ለክቶት የማያውቀው ልብስ እንዲህ ልክ ሲሆንለት የሻው አይቶ አያውቅም።

ይመኙሽ የልጇን ጸጉር ከግንባሩ ወደ ኋላ መለሰች። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ድምፅ አልወጣውም። በሦስተኛው ወጣ።

«አድማሴ» አለች። «አድማሴ፣ አንተ የኔ ጌታ። አድማሴ።»

ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አላያትም፤ አባቱንም አላየውም። አንገቱን እንደምንም አዙሮ፣ ማን እንደመጣ ለማየት፣ ወደ በሩ ተመለከተ።